ጀርመን ለሥራ መምጣት፦ ብሉ ካርድ፣ ሻንሰንካርተ፣ አውስቢልዱንግ ወይስ የሙያ ዕውቅና?

ጀርመን ለሥራ መምጣት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የትኛው ቪዛ ቶሎ ይደርሳል?» ብሎ ነው። ይገባኛል። ኑሮው እየከበደ፣ ጓደኛው ሁሉ አንድ በአንድ እየወጣ ሲያይ ሰው መቸኮሉ አይቀርም። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ እንድታስቀድሙ እፈልጋለሁ። ከመጣችሁ በስምንተኛው ወር ሥራው ቢቀርባችሁ ወረቀታችሁ ምን ይሆናል? ቋሚ መኖሪያስ በስንት ጊዜ ትደርሱበታላችሁ? ቪዛዎቹ ዋናው ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው። ኤምባሲ ደጃፍ ላይ ሁሉም ይመሳሰላሉ፤ የሚለያዩት ፍራንክፈርት ወይም ላይፕዚግ ቤት ተከራይታችሁ፣ ሥራ ጀምራችሁ፣ ከአለቃ ጋር አልግባባ ስትሉ ነው።

የምጽፈው ስለ ጀርመን ብቻ ነው። የባለሙያ ፍልሰት ሕጉ በ2020 ሥራ ላይ ዋለ፣ ከ2023 መጨረሻ እስከ ሰኔ 2024 ደግሞ በደረጃ ተሻሻለ። በሩ በእውነት ሰፍቷል። የእኛ ሰው ግን አሁንም የሚመካከረው በድሮው ሕግ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው።

ከቪዛው በፊት ግን ወረቀታችሁ

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ መጀመሪያ የሚታየው የትምህርት ማስረጃችሁ ነው። ጀርመኖች አናቢን የሚባል የመረጃ ቋት አላቸው። በነጻ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ የተማራችሁበትን ዩኒቨርሲቲ ፈልጉ። ከስሙ ጎን «ኤች ፕላስ» የሚል ምልክት ካለ ተቋሙ ዕውቅና አለው ማለት ነው። ቀጥሎ የዲግሪያችሁ ዓይነት ራሱ መኖሩንና ከጀርመኑ ጋር ተመጣጣኝ መባሉን እዩ። ሁለቱም ካሉ ገጾቹን አትሙና ከማመልከቻው ጋር አያይዙ። ዩኒቨርሲቲው ኖሮ የዲግሪው ዓይነት ከሌለ ደግሞ ቦን ላለው የውጭ ትምህርት ማስረጃዎች መመዘኛ ቢሮ የተመጣጣኝነት ማረጋገጫ ታመለክታላችሁ። ክፍያው ከ200 ዩሮ በላይ ነው። በተለይ የግል ኮሌጅ የተማራችሁ ሰዎች ይህን ሳታጣሩ ለቋንቋ ትምህርትም ሆነ ለአማካሪ አንድ ብር እንዳታወጡ።

ሌላው ኮስት ሼሪንግ ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ብዙ ሰው በእጁ ያለው ቴምፖና ስቱደንት ኮፒ ነው። ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የሚወጣው የወጪ መጋራቱ ዕዳ ሲዘጋ ነው። ይህ ነገር ቀጠሮ ሲደርስ የሚታሰብ አይደለም። ክፍያው፣ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ማስወጣቱ፣ ማረጋገጫው፣ ትርጉሙ፣ እያንዳንዱ የራሱ ሰልፍ አለው። ጀርመን ሥራ አገኛለሁ ብላችሁ ሳይሆን እንዲሁም ቢሆን ዛሬ ጀምሩት።

አንድ መስመር ደግሞ አስምሩ። ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ከሆናችሁ ሙያችሁ በሕግ የተገደበ ነው። ዲግሪው ተመጣጣኝ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፣ የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሶፍትዌር ሠሪ፣ ኢኮኖሚስት፣ የገበያ ባለሙያ ግን እንደዚያ ያለ ፈቃድ አይጠየቅም።

ብሉ ካርድ

ለባለሙያ የሚሰጥ የአውሮፓ ኅብረት የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ነው፣ ከሁሉም ጠንካራው ወረቀትም ይህ ነው። ዲግሪና ቢያንስ የ6 ወር የሥራ ውል ይጠይቃል፣ ደመወዙም ከተወሰነ ዝቅተኛ መጠን ማነስ የለበትም። ዝቅተኛው መጠን በየዓመቱ ይለወጣል። በ2025 በዓመት 48,300 ዩሮ ነበር፣ በ2026 ወደ 50,700 ከፍ ብሏል። የሰው እጥረት ላለባቸው ሙያዎች፣ ለምሳሌ ለኢንጂነር፣ ለአይቲ ባለሙያ፣ ለሐኪም፣ ለአርክቴክት፣ እንዲሁም ከተመረቀ ገና 3 ዓመት ላልሞላው ሰው ዝቅ ያለ ነው፦ 45,934 ዩሮ ከ20 ሳንቲም። የአይቲ ሰው ከሆናችሁ ደግሞ ዲግሪ ባይኖራችሁም ባለፉት 7 ዓመታት ውስጥ የ3 ዓመት በቂ ልምድ ካሳያችሁ በዚሁ በዝቅተኛው ደመወዝ ትገባላችሁ። ይህን የማያውቅ ስንት ጎበዝ ፕሮግራመር አለ መሰላችሁ!

ቁጥሩን ሰምታችሁ በብር አባዝታችሁ እንዳትደነግጡ፣ እንዳትሳሳቱም። 50,700 ያልተጣራ ነው። በወር 4,225 ማለት ነው። ያላገባ፣ ልጅ የሌለው ሰው ከግብር፣ ከጤና መድን፣ ከጡረታ፣ ከሥራ አጥነት መድንና ከእንክብካቤ መድን በኋላ እጁ ላይ የሚገባው ወደ 2,700 ገደማ ነው። ሙኒክ ላይ ከዚህ ውስጥ ቤት ኪራይ ብዙውን ይበላዋል። ላይፕዚግ ወይም ኬምኒትዝ ላይ ግን ደህና ኑሮ ነው። ስለዚህ ሁለት ቅጥር ከመጣላችሁ ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ከተማውንም አወዳድሩ። ደግሞ ውሉ ላይ የተረጋገጠውን ደመወዝ ነው የምትቆጥሩት። «ቦነስ ሲደመር ይደርሳል» የሚባለው ነገር ቪዛ ክፍል ላይ አይሠራም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በብሉ ካርድ የሠራ ሰው የጡረታ መዋጮውን እየከፈለ ቢ1 የጀርመንኛ ደረጃ ካለው በ21 ወር፣ ኤ1 ብቻ ካለው በ27 ወር ቋሚ መኖሪያ ያገኛል (የቋንቋ ደረጃዎቹ ከጀማሪው ኤ1 ተነስተው ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1 እያሉ ይወጣሉ)። ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ! አሰሪ መቀየርም ቀላል ነው። በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ለውጭ ዜጎች ቢሮ ታሳውቃላችሁ፣ ቢሮው አይቶ ሊያግድ ይችላል። ከዚያ በኋላ በራሳችሁ ናችሁ። ሥራ ቢቋረጥ የአውሮፓ ኅብረቱ መመሪያ ካርዱን ከያዛችሁ 2 ዓመት ካልሞላ 3 ወር፣ ከሞላ 6 ወር የመፈለጊያ ጊዜ ይሰጣችኋል። ባል ወይም ሚስት ከመምጣታቸው በፊት የጀርመንኛ ፈተና አይጠየቁም፣ እንደመጡም የፈለጉትን ሥራ መሥራት ይችላሉ። ለቤተሰብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የትዳር ጓደኛ ለኤ1 ፈተና ወራት ሙሉ አዲስ አበባ ስትጠብቅ ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። ከአገር ውጭ እስከ 12 ወር መቆየትም ይቻላል፣ በሌሎቹ ፈቃዶች ግን ከ6 ወር ካለፋችሁ ወረቀቱ ሊወድቅ ይችላል። እናት ታማ አገር ቤት መክረም ያለበት ሰው ይህን ልዩነት ልብ ይበል።

ችግሩ አንድ ነው። ቅጥሩን አዲስ አበባ ተቀምጦ ማግኘት። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሠራበት ቦታ አለ፣ በተለይ በርሊንና ሙኒክ ባሉ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች። ግን ለዚያ ቦታ የሚወዳደረው የዓለም ሰው ሁሉ ነው።

ደመወዙ ካልደረሰስ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 42,000 ዩሮ የሚከፍል ድርጅት አግኝቶ «ብሉ ካርድ አያስገኝም» ብሎ የሚተው አለ። አትተዉት። ለዲግሪ ባለቤት መደበኛ የባለሙያ የመኖሪያ ፈቃድ የሚባል አለ። ደመወዙ የተወሰነ ዝቅተኛ መጠን የለውም፣ የፌደራል ሥራና ሠራተኛ ኤጀንሲው ግን በዚያ ከተማ ተመሳሳይ ሥራ ለሚሠራ ጀርመናዊ ከሚከፈለው እንዳያንስ ያጣራል። ዕድሜው 45 የሞላ አዲስ ገቢ ሲሆን ብቻ ከፍ ያለ ደመወዝ ወይም በቂ የጡረታ ማስረጃ ይጠየቃል። ከተሻሻለው ሕግ ወዲህ ደግሞ ሥራው ከተመረቃችሁበት ትምህርት ጋር የግድ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም፤ የሰለጠነ ሰው የሚሠራው ሥራ ይሁን እንጂ በሕግ ባልተገደበ ሙያ መንቀሳቀስ ይቻላል። የባዮሎጂ ምሩቅ ሆኖ በሎጂስቲክስ የሚቀጠር ሰው አሁን መንገድ አለው።

ከብሉ ካርዱ የሚያንሰው በሁለት ነገር ነው። ቋሚ መኖሪያው 3 ዓመትና ቢ1 ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት አሰሪ ስትቀይሩም ፈቃድ እየጠየቃችሁ ነው። ግን ገብታችሁ ደመወዛችሁ የብሉ ካርዱ ዝቅተኛ መጠን ላይ ሲደርስ ወደ ብሉ ካርድ መቀየር ትችላላችሁ። ስለዚህ በእጅ ያለው የ42,000 ውል ገና ካልመጣው የ51,000 ውል ይሻላል፤ ይህን በሙሉ ልብ ነው የምለው።

ሻንሰንካርተ

ከሰኔ 2024 ጀምሮ ያለ ነው። ያለ ቅጥር መጥታችሁ እስከ አንድ ዓመት ሥራ የምትፈልጉበት ካርድ። ከሁሉም ይበልጥ የሚወራለት እሱ ነው፣ ከሁሉም ይበልጥ መጠንቀቅ ያለባችሁም በሱ ነው።

ሁለት መግቢያ አለው። ዲግሪያችሁ ሙሉ ተመጣጣኝ ከተባለ ነጥብ መቁጠር አያስፈልጋችሁም፣ በቀጥታ እንደ ባለሙያ ታመለክታላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ነጥብ ሲለቅም ይከርማል። ሙሉ ተመጣጣኝ ካልሆነ ግን በአገር ቤት የታወቀ ዲግሪ ወይም ቢያንስ የ2 ዓመት የሙያ ሥልጠና ይኖራችኋል፣ ጀርመንኛ ኤ1 ወይም እንግሊዝኛ ቢ2 ታሳያላችሁ፣ ከዚያ 6 ነጥብ ትሰበስባላችሁ። ከ35 ዓመት በታች የሆነ 2 ነጥብ ያገኛል፣ ከ35 እስከ 40 ያለ 1። ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ የ2 ዓመት የሙያ ልምድ 2 ነጥብ፣ ባለፉት 7 ዓመታት ውስጥ የ5 ዓመት ልምድ 3 ነጥብ። ጀርመንኛ ኤ2 ለሆነ 1፣ ቢ1 ለሆነ 2፣ ቢ2 ለሆነ 3። እንግሊዝኛ ሲ1 ለሆነ 1። ሙያው እጥረት ካለበት 1፣ በከፊል ዕውቅና ያገኘ ደግሞ 4። እስኪ በአንድ ሰው እንየው፦ የ29 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ፣ የ3 ዓመት ልምድ፣ ጀርመንኛ ኤ2፣ እንግሊዝኛ ሲ1። 2 ሲደመር 2 ሲደመር 1 ሲደመር 1፣ 6 ሞላ። ገባች።

ነጥቡ አይደለም ችግሩ። ገንዘቡ ነው። ለአንድ ዓመት መኖሪያ በወር 1,091 ዩሮ፣ በድምሩ 13,092 ዩሮ ማሳየት አለባችሁ፤ የ2025 መጠን ነው። በብዛት የሚደረገው ዝግ ሒሳብ ውስጥ በማስቀመጥ ነው፤ ጀርመን ስትገቡ በየወሩ እየተቆረጠ ይለቀቅላችኋል። በብር ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው። ብሩ ቢኖራችሁ እንኳ ይህን ያህል ዩሮ ከአገር ቤት ባንክ በሕጋዊ መንገድ ወደ ውጭ ሒሳብ ማስተላለፍ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ሌላው አማራጭ ጀርመን ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ዋስ እንዲሆናችሁ ነው። እሱ ወይም እሷ በሚኖሩበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄደው ገቢያቸውን አሳይተው ይፈርማሉ። በዚህ ላይ በቅንነት ልንገራችሁ። ፊርማው ወግ አይደለም። እናንተ መንግሥት ድጎማ ላይ ብትወድቁ ዋሱ እስከ 5 ዓመት ድረስ ወጪውን እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል። አክስታችሁ በጽዳት ሥራ ልጆቿን እያሳደገች ከሆነ «ፊርማ ብቻ ነው» ብላችሁ አትጠይቋት። ከጠየቃችኋትም ይህን ነግራችሁ ጠይቋት።

ካርዱ የሚፈቅደው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት የትርፍ ጊዜ ሥራና እስከ ሁለት ሳምንት የሚቆይ የሙከራ ሥራ ነው። ቤተሰብ ይዞ መምጣት አይቻልም። ዓመቱ ሲያልቅ የሚራዘመው ለባለሙያ የሚሆን ቅጥር በእጃችሁ ካለ ነው። ካልሆነ ትመለሳላችሁ። ሥራ ካገኛችሁ ግን ሳትወጡ እዚያው ጀርመን ውስጥ ወደ ብሉ ካርድ ወይም ወደ መደበኛው ፈቃድ ትቀይራላችሁ፣ ጥሩ ጎኑ ይህ ነው።

ዓመት ረጅም ይመስላል። አይደለም። የመጀመሪያው ወር ወር ተኩል ቤት ፍለጋ ነው። አድራሻ ሳይኖራችሁ በከተማው መዝገብ አትገቡም። ሳትመዘገቡ የግብር ቁጥሩ አይመጣም፣ የባንክ ሒሳቡም ይጓተታል። ከዚያ ማመልከቻ ትልካላችሁ፣ መልሱ ሳምንታት ይወስዳል፣ ቃለ መጠይቅ፣ ሁለተኛ ቃለ መጠይቅ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ። በእንግሊዝኛ ብቻ መጥቶ በኋላ ጀርመንኛ እማራለሁ ላለ ሰው ዓመቱ ቋንቋው ቢ1 ሳይደርስ ያልቅበታል። ስለዚህ የኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ሻንሰንካርተ ቢ1 ይዞ ለሚመጣ፣ ተፈላጊ ሙያና ልምድ ላለው፣ ገንዘቡም የራሱ ለሆነ ሰው ድንቅ ነው። የቤተሰብ መሬት ወይም ቤት ተሽጦ የሚሞከር ነገር ግን አይደለም። እባካችሁ።

አውስቢልዱንግ

ይህ የሙያ ሥልጠና ነው። ግማሹ ትምህርት ቤት፣ ግማሹ ሥራ ቦታ። ብዙዎቹ ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል ይወስዳሉ። ትምህርት አይከፈልበትም፣ እንዲያውም ለእናንተ ይከፈላችኋል። በ2026 የመጀመሪያ ዓመት ዝቅተኛው ክፍያ በወር 724 ዩሮ ነው፤ በዚህ ብቻ መኖር አይቻልም፣ ኤምባሲውም ቀሪውን ከየት እንደምታመጡ ይጠይቃችኋል። የነርስ ሥልጠና ግን በመንግሥት ታሪፍ በሚከፍሉ ሆስፒታሎች ከ1,300 ዩሮ በላይ ስለሚጀምር ቆጥቦ ለሚኖር ሰው ይበቃል። በትርፍ ጊዜም በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል።

የሚጠየቀው ቢ1 ጀርመንኛ ነው። ለነርሲንግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ቢ2 ይፈልጋሉ፣ ልክም ናቸው። ትምህርቱ፣ ፈተናው፣ የታካሚው ማኅደር፣ የአረጋውያኑ ወሬ ሁሉ በጀርመንኛ ነውና። የ12ኛ ክፍል ማስረጃችሁም በምትሄዱበት ክልል ቢሮ መመዘን አለበት፤ ለነርሲንግ የሚያስፈልገው የጀርመኑን የ10ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ የሚመጥን ነው። የዕድሜ ነገር ብዙ ይጠየቃል። የ35 ዓመት ገደቡ ያለው ቦታ ለመፈለግ በሚሰጠው ቪዛ ላይ ነው። ውል በእጁ ላለ ሰው ሕጉ የዕድሜ ጣሪያ አላስቀመጠም።

ወረቀቱ ከሚታሰበው በላይ ጠንካራ ነው። ያለ እናንተ ጥፋት ሥልጠናው ቢቋረጥ ሌላ ቦታ ለመፈለግ እስከ 6 ወር ይሰጣችኋል። ከጨረሳችሁ የጀርመን ሙያ ባለቤት ናችሁ፣ ማንም ተመጣጣኝ ነው አይደለም አይላችሁም። ከዚያ በሙያችሁ 2 ዓመት ሠርታችሁ ቋሚ መኖሪያ ትጠይቃላችሁ። 3 ሲደመር 2፣ ወደ 5 ዓመት ነው። ከብሉ ካርዱ 21 ወር አንጻር ሩቅ ነው። ግን የሶሻል ሳይንስ ዲግሪ ይዞ ሁለት ዓመት ሥራ ያጣ፣ የሚታይ ልምድ የሌለው የ24 ዓመት ልጅ ቢጠይቀኝ ከሻንሰንካርተ ይልቅ ይህንን እመክረዋለሁ። «ዲግሪ ይዤ እንዴት እንደገና ተማሪ?» የሚለው ነገር ያማል፣ አውቃለሁ። ግን ይህ መንገድ ሲያልቅ በእጅ የሚቀር ሙያ አለው።

ደላላው በብዛት የገባው እዚህ ላይ ነው። የአውስቢልዱንግ ቦታ አይሸጥም። ሆስፒታሉም፣ ሆቴሉም፣ ዳቦ ቤቱም ሰልጣኝ ለመቀበል ከሰልጣኙ ገንዘብ አይቀበልም። ውል ተላከላችሁ? የድርጅቱን ስልክ ከራሱ ድረ ገጽ ፈልጋችሁ ደውሉ እንጂ ደላላው በሰጣችሁ ቁጥር አትደውሉ። የንግድ ወይም የዕደ ጥበብ ሙያ ከሆነ ውሉ በአካባቢው የንግድ ወይም የዕደ ጥበብ ምክር ቤት የተመዘገበ መሆኑን ጠይቁ። ነርሲንግ ከሆነ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚያስተምራችሁ ውሉ ላይ ተጽፎ ይሁን። ደግሞ «ጀርመን ከኬንያ ጋር ተፈራርማለች፣ በዚያ በኩል እናስገባችሁ» ለሚላችሁ ሰው ጆሮ አትስጡ። በመስከረም 2024 በርሊን ላይ የተፈረመው ስምምነት ከኬንያ ጋር ነው፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘን ሰው አይመለከትም።

ነርስና ሐኪም ከሆናችሁ

የነርስ ዲግሪና ልምድ እያላችሁ አውስቢልዱንግ ከዜሮ እንዳትጀምሩ። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። የሙያ ዕውቅና አመልክቱ። የሚመለከተው የክልል ቢሮ ማስረጃችሁን አይቶ የጎደለውን ዘርዝሮ በጽሑፍ ይሰጣችኋል። በዚያ ደብዳቤ ጀርመን መጥታችሁ ወይ የማሟያ ሥልጠና ትወስዳላችሁ ወይ የዕውቀት ፈተና ትፈተናላችሁ። እስከዚያ በረዳትነት እየሠራችሁ ይከፈላችኋል። ከመጋቢት 2024 ወዲህ ደግሞ አሰሪውና ባለሙያው ተስማምተው የዕውቅናውን ሥራ ከመጡ በኋላ የሚጨርሱበት መንገድ ተከፍቷል። ኤ2 ቋንቋና የሥራ ውል ይጠይቃል፣ እስከ 3 ዓመት ይቆያል። ውሉን ስታነቡ ረዳት እያላችሁ የሚከፈለውንና ዕውቅናው ሲደርስ የሚከፈለውን ለይቶ ያስቀመጠ መሆኑን እዩ። «በኋላ እናስተካክላለን» የሚል ውል አትፈርሙ። ፈተና ብትወድቁ፣ ከሥራው ብትወጡ የኮርሱን ወጪ ትመልሳላችሁ የሚል አንቀጽም አንዳንድ ውል ውስጥ ይሸጎጣል።

የሐኪሙ መንገድ ረዘም ይላል። በሲ1 ደረጃ የሕክምና ቋንቋ ፈተና አለ፣ ቀጥሎ ብዙውን ጊዜ የዕውቀት ፈተና፣ ከዚያ ሙሉ የሙያ ፈቃድ። ክልሎቹ በፍጥነታቸው ይለያያሉ። ግን እዚያ የደረሰ ሐኪም ያለ ጭንቀት ብሉ ካርድ ያገኛል።

ማመልከቻው

ማመልከቻው አሁን በኤምባሲው የኢንተርኔት መግቢያ ይሞላል፣ የቪዛ ክፍያው 75 ዩሮ ነው። የሚያስመርረው የቀጠሮው ጥበቃ ነው። ውል ያላችሁ ሰዎች ለአሰሪያችሁ አንድ ነገር ንገሩት፦ የተፋጠነ የባለሙያ ሂደት የሚባል አለ። አሰሪው በከተማው የውጭ ዜጎች ቢሮ 411 ዩሮ ከፍሎ ይጀምረዋል፣ ቢሮው ቅድመ ፈቃድ ሲሰጥ ኤምባሲው በ3 ሳምንት ውስጥ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ማመልከቻው ከተሟላ በኋላም በ3 ሳምንት ውስጥ ውሳኔ ይሰጣል። ትንንሽ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ይህን አያውቁትም። እናንተ ካላነሳችሁት ማንም አያነሳውም።

በጉብኝት የሸንገን ቪዛ ገብቶ እዚያው ወደ ሥራ ፈቃድ መቀየር ለእኛ ፓስፖርት አይሠራም። ጥገኝነት ጠይቆ በኋላ ወደ ሥራ ቪዛ መዞርም በአብዛኛው በሕግ የተዘጋ ነው። ቀላል የሚመስለውን በር ገብታችሁ ትክክለኛውን አትዝጉ።

ዜግነትንም የምታስቡ ካላችሁ፣ ከሰኔ 2024 ወዲህ በ5 ዓመት ሕጋዊ ኑሮ መጠየቅ ይቻላል፣ ጀርመንም የቀድሞውን ፓስፖርት ተዉ አትልም። የኢትዮጵያ ሕግ ግን ሁለት ዜግነት አይፈቅድም። የጀርመን ፓስፖርት የወሰደ ሰው አገር ቤት የሚገባው በቢጫ ካርድ ነው። ቋሚ መኖሪያ ይዞ ኢትዮጵያዊ ሆኖ መቆየት ይቻላል፤ አገር ቤት መሬትና ቤት ያለው ሰው ከመወሰኑ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክር።

ዱባይ፣ ሪያድ፣ ዶሃ ያላችሁ ደግሞ አዲስ አበባ መመለስ አያስፈልጋችሁም። ሕጋዊ መኖሪያ እስካላችሁ የምታመለክቱት እዚያው ላለው የጀርመን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ነው። ገንዘቡን በድርሃም ወይም በሪያል ቆጥባችሁ ዝግ ሒሳቡን መሙላት ከአገር ቤት በጣም ይቀላል፣ የሥራ ልምዳችሁም ነጥብ ይቆጠርላችኋል። ግን አሰሪያችሁ የልምድ ደብዳቤውን የሥራ መደባችሁን፣ የጀመራችሁበትንና ያበቃችሁበትን ቀን ጽፎ እንዲሰጣችሁ ሥራ ከመልቀቃችሁ በፊት ጠይቁ፤ ኢቃማችሁም ሊያልቅ ወራት ብቻ ሲቀረው ሳይሆን ገና ጊዜ እያለው አመልክቱ፣ ውሳኔው ሳይመጣ መኖሪያው ካለቀ ፋይሉ እንደ አዲስ ወደ አዲስ አበባ ሊዞርባችሁ ይችላል።